የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ፦ ዘንድሮ ከጉማሬ ጋር

ችግኝ ተክለናል፤ ግቢ አጽድተናል፤ በሚኒ ሚዲያም ለፍልፈናል። እነዚህ የየዓመቱ ሥራዎቻችን ስለሆኑ አልፋቸዋለሁ። የዘንድሮው ወሬያችን ጉማሬ ነው።

ነገሩን ያመጣችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አያቷ ጣና ዳር፣ ባሕር ሸሽ መሬት (የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ የሚገለጥ መሬት) ላይ ሽንብራ ይዘራሉ። ሌሊት ጉማሬ እየወጣ ይበላባቸዋል። «ጉማሬን እንጠብቅ ስንል፣ አያቴን ማን ይጠብቃቸው?» ብላ ስብሰባውን ዝም አሰኘችው።

ልክ ናት። ጉማሬ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዝርያዎች የመጥፋት ስጋት በሚመዘገብበት በዓለም አቀፉ ቀይ መዝገብ «ለአደጋ ተጋላጭ» ተብሎ ሰፍሯል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. የዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው እየተጠበቀ ሰውም የሚጠቀምበት ሥፍራ) ሆኗል። ማሳው ላይ ማማ ሠርቶ ለሚያድር ገበሬ ግን ይህ እራት አይሆነውም። ጉማሬ ቆዳው እንዳይደርቅ ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል። ማታ ይወጣና በአንድ ሌሊት 40 ኪሎ ያህል ሣር ይግጣል። ሣሩ ታርሶ ሽንብራ ከጠበቀውስ ምን ያድርግ?

ስለዚህ ፖስተሩን ትተን መንደር ወረድን። ማለዳ ከገበሬዎቹ ጋር ዱካ አየን። የጉማሬ መንገድ ሁለት ጎድጓዳ መስመር ነው። የግራና የቀኝ እግሩ ተራርቆ ስለሚረግጥ መሐሉ ላይ ሣር ይቀራል። ዱካው ላይ አራቱ ጣቶች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አጠገቡ ያለው ቁጥቋጦ በፋንድያ ተረጭቷል፤ ጉማሬ ሲጥል በጭራው እየበተነ ነውና። ልጆቹ ከዚያ በኋላ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

ብዙ ያስተማሩን ግን የደንገል ታንኳ ሲሠሩ ያገኘናቸው አንድ የነገደ ወይጦ አባት ናቸው። ወገኖቻቸው በቀድሞ ዘመን ጉማሬ አዳኞች ነበሩ፤ በዚህም ሲናቁ ኖረዋል። (ያ ንቀት ዛሬም አልጠፋም። ተማሪዎቻችን አባባ ብለው ከበዋቸው ሲቀመጡ ደስ ያለኝ ለዚህ ነው።) «በአንድ በኩል ብትዘጋበት በሌላ በኩል ይወጣል፤ ግልገል ያላትን ደግሞ አትጠጋት» አሉን። የባዮሎጂ መምህሩ እኔ ነኝ፤ ደብተር ይዤ ስጽፍ የዋልኩትም እኔ ነኝ።

ከዚያ ገበሬዎቹ ራሳቸው መከሩ። ውኃው ዳር ያለውን ሣርና ደንገል ሳያርሱ ሊተዉ፣ ከማሳው ፊት ደግሞ ጥልቅ ቦይ ሊቆፍሩ ተስማሙ። ጉማሬ መሬት ላይ ሰውን ሮጦ ይቀድማል፤ መዝለል ግን አይሆንለትም። ቁፋሮውን ከመንደሩ ወጣቶች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በደቦ ሠራን። ዳቦና ቆሎው ከእነሱ፣ ጉልበቱ ከሁላችንም።

ሁሉም ግን እሺ አላለም። በመስኖ በቆሎ የሚያለማ አንድ ገበሬ «የተውኩትን መሬት ማን ይከፍለኛል?» አለን። መልስ አልነበረንም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን መመለስ ያለበት የትምህርት ቤት ክበብ አይደለም። ጥያቄውን በደብዳቤ ለሚመለከተው ቢሮ አስገብተናል፤ እስካሁን ምላሽ አልመጣም።

ቦዩ ባለበት በኩል ሽንብራው በሰላም ተሰበሰበ። ጉማሬው ግን እንደተባለው ዞሮ በበቆሎው በኩል ገባ። ባለ በቆሎው በማግሥቱ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ «ቦይ የምትቆፍሩት መቼ ነው?» ብሎ ጠየቀን።

ቁፋሮው በመስከረም ይቀጥላል። አዲስ አባላት በመጀመሪያው ሳምንት በባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ተመዝገቡ። ቦት ጫማ ያለው ይዞ ይምጣ። ከፀሐይ መጥለቂያ በኋላ ግን ማንም ተማሪ ወደ ውኃው ዳር አይወርድም፤ ወላጅ ቢፈቅድም እኔ አልፈቅድም።