የኩላሊት ጠጠር ለሚመላለስበት ሰው ካልሲየም ይለካለት
ግልጽ ደብዳቤ ለሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ፣ ሀዋሳ

የተከበራችሁ የቢሮው ኃላፊዎች፣

የምጽፍላችሁ አንገታችን ውስጥ ከታይሮይድ ጀርባ ስላሉ፣ ምስር ስለሚያካክሉ አራት እጢዎች ነው። ፓራታይሮይድ ይባላሉ፤ በሚያመነጩት ሆርሞን የደማችንን ካልሲየም ይቆጣጠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከአራቱ በአንዷ ላይ ካንሰር ያልሆነ እባጭ ይወጣና ሆርሞኑን ያለልክ ታመነጫለች። ያን ጊዜ ካልሲየም ከአጥንት እየወጣ ደም ውስጥ ይበዛል፤ አጥንት ይሳሳል፣ ኩላሊት ጠጠር ይቋጥራል፣ ሰውየው ይደክመዋል፣ ይጠማዋል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ይከፋዋል። በይበልጥ የሚጠቁት ዕድሜያቸው ከ50 ያለፈ ሴቶች ናቸው።

እናቴ እዚሁ ሀዋሳ ከዚህ ሕመም ጋር ዓመታት ኖራለች። ጠጠሩ ሲመለስ «ውኃ ጠጪ»፣ አጥንቷን ሲቆረጥማት «ዕድሜ ነው» ወይም «የስምጥ ሸለቆው ውኃ ነው» ትባል ነበር። ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ በአካባቢያችን ጥርስና አጥንት መጉዳቱ እውነት ነው። ይህ እውነት ሌላውን ምርመራ ሲያስቀር ግን እቆጣለሁ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ካልሲየሟን የለካላት አልነበረም።

ምርመራው የሚጀምረው በአንድ የደም ናሙና ነው። የካልሲየም ጤናማ መጠን እንደ ላቦራቶሪው ቢለያይም በዴሲሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። ከዚያ ካለፈ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለካል። ጤነኛ እጢ ካልሲየም ሲበዛ ሆርሞኑን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ሳለ ሆርሞኑ «መደበኛ ነው» ቢባል እንኳ ጥርጣሬው ከእጢው ላይ አይነሳም። ይህችን ነጥብ ሐኪሞቻችን እንዲይዙልን አደራ እላለሁ። አልትራሳውንድ ያበጠችው እጢ የት እንዳለች ለቀዶ ሐኪሙ ይጠቁማል እንጂ የበሽታውን መኖር የሚያረጋግጠው ደሙ ነው። ልምድ ባለው እጅ እጢዋ ስትወጣ ከ100 ሕመምተኞች ከ95 በላይ ይድናሉ። ቀዶ ሕክምናው ቪየና ውስጥ በ1925 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው፤ አዲስ ነገር እየጠየቅሁ አይደለም።

የምጠይቀው፣ ጠጠር ለተመለሰበትና በቀላል አወዳደቅ አጥንቱ ለተሰበረ ሁሉ ካልሲየም እንዲለካ ለክልሉ ሆስፒታሎች መመሪያ እንድትልኩ ነው። የመመርመሪያው ኬሚካል እንዳይቋረጥም ተከታተሉ። ሆርሞኑን መለካት ለማይችሉት ናሙና በቅዝቃዜ ተጠብቆ የሚላክበት መንገድ ይበጅ፤ ከበንሳ ወይም ከአለታ ወንዶ ያለች እናት ለአንድ ብልቃጥ ደም ከተማ ድረስ መንገላታት የለባትም።

የጽሑፍ ምላሻችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የሀዋሳ ነዋሪ