ቆጠራው ከወረፋው ይጀመር

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

የነዳጅ ቦቴዎች ከጅቡቲ ቶሎ ቶሎ ይመላለሱ መባሉን አልቃወምም። እኔም ማደያ ተሰልፌ አድሬ አውቃለሁ። ግን ፍጥነቱ ከማን ጉልበት ነው የሚወጣው?

ወንድሜ የቦቴ ሹፌር ነው። በጋላፊ የድንበር ኬላ በኩል ሲመጣ የአፋር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከኋላው ደግሞ ቤንዚን አለ። ደክሞት ጥላ ሥር ጋደም ካለ፣ የመኪናውን ጉዞ በጂፒኤስ የሚከታተለው ሰው ይደውላል፦ «ለምን ቆምክ?» ጅቡቲ ላይ ለመጫን ተሰልፎ ያባከናቸውን ቀናት ግን የሚጠይቅ የለም። (ስልኩ እዚያ ጭር ይላል።)

ጊዜ ማትረፍ ከተፈለገ ከወረፋው፣ ከኬላውና ከወረቀቱ ይቀነስ። በተረፈው ሰዓት ሹፌሩ ይተኛበት። አበሉም በምልልስ ሳይሆን በቀን ይታሰብለት።

አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ