ዜሮና ባዶ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። በሰሜን ሸዋ ደጋ ባለች ትንሽ ከተማ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። በትምህርት ቤታችን ግቢ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ ላለፉት 19 ዓመታት የማነበውም እኔ ነኝ። የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32 የሚሉት፣ በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ እንደሚካሄድ ከሰማሁ ወዲህ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ሳስብ ቆየሁ። ጉዳዬ በአየር ንብረት ስም ለአቅም ግንባታ የሚመጣው ገንዘብ ቁጥሩን ከሚለካው ሰው ዘንድ እንዲደርስ ነው።

መጀመሪያ ሥራዬን ላስረዳ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መለኪያውን እከፍታለሁ። የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስታወት ሲሊንደር እገለብጣለሁ። ሲሊንደሩን ደልዳላ ቦታ አስቀምጬ፣ ዓይኔ ከውሃው እኩል እስኪሆን ቁጢጥ እላለሁ። ውሃው በመስታወቱ ዳርና ዳር ወደ ላይ ስለሚሳብ የሚነበበው መሃል ላይ ዝቅ ያለው ነው። ቆሞ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። ከዚያ ቅጹ ላይ በሚሊ ሜትር 12.4 ወይም 7.1 ብዬ እጽፋለሁ። ካልዘነበ 0.0 እጽፋለሁ። ሳይነበብ የቀረ ቀን ካለ ቦታው ክፍት ይተዋል።

ነገሬ ያለው እዚህ ጋ ነው። በአማርኛችን ዜሮንም ባዶ እንላለን፣ ያልተጻፈበትንም ባዶ እንላለን። በዝናብ መዝገብ ግን ሁለቱ ለየቅል ናቸው። ዜሮ ማለት "አይቻለሁ፣ አልዘነበም" ነው። ክፍት ቦታ ማለት "ያየ ሰው የለም" ነው።

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ታይፎይድ ጣለኝ። 17 ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። መለኪያውን ማንበብ የሚችል ሌላ ሰው በከተማዋ አልነበረም። ሐምሌ እኛ ጋ ሰማዩ የሚቀደድበት ወር ነው። ተኝቼ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እሰማዋለሁ፤ ስንት እንደገባ ግን ማን ይወቅ? ሻል ሲለኝ ሄጄ ሳየው መለኪያው ሞልቶ ፈሷል። የ17ቱን ቀን ቦታ ክፍት ትቼ ቅጹን ላክሁ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ፕሮጀክት ስለ አየር ንብረት መረጃ ስልጠና ጠራኝ። አሰልጣኙ የአካባቢያችንን ጣቢያዎች መረጃ በፕሮጀክተር ሲያሳይ የእኔን ጣቢያ አየሁ። እነዚያ 17 ቀናት በሙሉ 0.0 ተሞልተዋል። ያ ሁሉ ዶፍ የወረደበት ሐምሌ ድርቅ ሆኖ ቁጭ ብሏል። እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። "እናስተካክለዋለን" አሉኝ። እስከ ዛሬ መልስ አላገኘሁም። ማንንም በክፋት አልጠረጥርም። ወረቀቱን ኮምፒውተር ላይ ያሰፈረው ልጅ ክፍት ቦታ ሲያይ ዜሮ መስሎታል። የነገረው ሰው የለም። እኔ ስታመም የሚተካኝ ሰው እንዳልነበረ ሁሉ ማለት ነው።

"አቅም ግንባታ" የሚለው ቃል በተነሳ ቁጥር እነዚያ 17 ዜሮዎች ዓይኔ ላይ ይመጣሉ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የጸደቀው የፓሪስ ስምምነት በ13ኛው አንቀጹ አገሮች የሚለቁትን የበካይ ጋዝ መጠንና የሠሩትን ሥራ በየጊዜው እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። ለድሃ አገሮች ፋታ ሰጥቷል፤ አቅማቸውን የሚገነቡበት ድጋፍም ይሰጣል ብሏል። ለዚሁ ተብሎ ለብቻው ገንዘብ ተመድቧል። አገራችንም እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለችው ዕቅድ፣ ምንም ባይሠራ እ.ኤ.አ. በ2030 ይደርስ ከነበረው ልቀት 68.8 በመቶውን እቀንሳለሁ ብላለች። 14 በመቶው በራሷ አቅም ነው። የቀረው የውጭ ድጋፍ ይፈልጋል። ድጋፍ የሚሰጥ ወገን ደግሞ ቁጥር አምጡ ይላል። ቁጥሩን የሚያመጣው ማነው?

የከብቶቻችንን ነገር ላንሳ። የእኛ ልቀት ትልቁ ድርሻ ከእርሻ፣ ከከብትና ከደን ነው። የራሱ ልኬት ለሌለው አገር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ አንዲት የምትታለብ የአፍሪካ ላም በዓመት 46 ኪሎ፣ ሌላው ከብት 31 ኪሎ ሚቴን የተባለ በካይ ጋዝ ያወጣል ብሎ ግምት ያስቀምጣል። በዚህ ግምት የቦረና በሬና የእኛ ደጋ ደቃቃ ወይፈን እኩል ናቸው። ባለሙያዎቻችን ይህን ትተው በዝርዝር ዘዴ አስልተዋል፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ዝርዝሩ ዘዴ የከብቷን ክብደት፣ ወተቷን፣ መኖዋን ይጠይቃል። ይህን የሚያውቀው ቀበሌ ላይ ያለው ሰው ነው።

የቀድሞ ተማሪዬ አሁን የቀበሌ ልማት ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ሥራ ላይ አገኘሁት። የላሟ ባለቤት ቀንዷን ይዟል፣ ተማሪዬ ክብደቷን ለመገመት ሜትሩን በደረቷ ዙሪያ ያዞራል፣ ላሟ ትወራጫለች። ሦስት ጊዜ ለካት። ቁጥሩን መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈው። ቅጹ ካለቀበት ሳምንት ሆኖታል። "ጋሼ፣ ማታ ደብተር ላይ እገለብጠዋለሁ" አለኝ። ማታ እስኪደርስ እጁን እንዳይታጠብ እያሰብኩ ተለየሁት።

መለካት እንጀራ እንደሚሆን በአገራችን ታይቷል። ወላይታ፣ ሁምቦ ላይ ገበሬዎች ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ መልሰው ደን አድርገው የካርቦን ክፍያ አግኝተዋል። ገንዘቡ የመጣው ደኑ በመስክ ተለክቶ፣ ልኬቱም በሌላ ወገን ተረጋግጦ ነው። መለኪያ ሲቋረጥ የሚሆነውን ደግሞ ሩዋንዳ አይታለች። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የዘር ጭፍጨፋ በኋላ አብዛኞቹ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎቿ ለ15 ዓመት ያህል ዝም ብለው ነበር። ክፍተቱን በሳተላይት ግምት ለመሙላት ተሞክሯል። ሳተላይት ጥሩ ነው፤ ግን መሬት ላይ ካለ መለኪያ ጋር ካልተመሳከረ እንደኛ ባለ ተራራማ አገር ብዙ ይስታል።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው። ለአቅም ግንባታ ከሚመጣው ገንዘብ ጥቂቱ እስከ ዝናብ መለኪያው ድረስ ይውረድ። በየጣቢያው ሁለተኛ አንባቢ ይሰልጥን፣ ስልጠናውም እዚያው መለኪያው አጠገብ ይሁን። እኔ በራሴ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አስተምሬያለሁ። ቅዳሜና እሑድ የምታነበው እሷ ናት፤ ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ናት። ለእሷ የሚከፈል ግን አንድ ብር የለም። ቁጥሩን ኮምፒውተር ላይ የሚያሰፍረው ልጅም አንድ ቀን መጥቶ ዝናብ ሲለካ ይይ። አዲስ አበባ ያለው ባለሙያ የተጠራጠረው ቁጥር ካለ ለአንባቢው ይደውልለት። ስልክ ሁላችንም አለን።

መረጃውም ወደ እኛ ይመለስ። በየወሩ መጨረሻ ድምሩን በትምህርት ቤቱ በር ባለው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እጽፈዋለሁ። የገበያ ቀን ገበሬዎች ቆመው ያዩታል። ማንበብ የማይችሉት "መምህር፣ ዘንድሮ ከአምናው ይበልጣል?" ይሉኛል። በበልግ ገብስ ይዝሩ አይዝሩ የሚወስኑ ሰዎች ናቸው። እነሱ ቁጥሩን ሲጠብቁ እያየሁ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መቅረት አልችልም።

አንድ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ከእኔ በፊት ያነቡ የነበሩት ሰውዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በእጃቸው የጻፏቸው ደብተሮች በትምህርት ቤቱ መጋዘን በካርቶን ተቀምጠዋል። አንዳንዱን አይጥ ጀምሮታል፣ ቀለሙም እየደበዘዘ ነው። ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ገጽ በገጽ በስልኬ ፎቶ እያነሳኋቸው ነው። 11 ደብተር ጨርሻለሁ፣ ገና ብዙ ይቀረኛል። እሳቸውም ሳያነቡ የቀሩበትን ቀን ክፍት ነው የተዉት፤ አጠገቡም "ለቅሶ ሄጄ" ወይም "ወንዝ ሞልቶ" ብለው ጽፈዋል። እነዚህን ደብተሮች የሚፈልግ ተቋም ካለ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ያግኘኝ። የመጋዘኑ ቁልፍ እኔ ጋ ነው።

አክባሪያችሁ
የጂኦግራፊ መምህርና የዝናብ መለኪያ አንባቢ፣ ከሰሜን ሸዋ