ወረቀቱን ስጡን፣ አቤቱታውን እኛ እንጽፈዋለን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በቅርቡ አንድ አንባቢያችሁ የኮሪደር ልማት ተነሺዎችን፣ ቅር ካላችሁ እስከ ዓለም አቀፍ ተቋማት ድረስ አቤት የማለት መብት አላችሁ እያለ ሲመክር አነበብኩ። ምክሩ ቅን ነው። ግን ጸሐፊው ማመልከቻ ይዞ የመንግሥት ቢሮ መስኮት ላይ የቆመ አይመስለኝም። እኔ ቆሜያለሁ። ለራሴ ሳይሆን ለጎረቤቴ።

ያደግኩት ካዛንቺስ ነው። የእናቴ ቤት የቀበሌ ቤት ነበር። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጠው ለቀበሌ ተሰጠ፣ የእኛም ከእነዚያ አንዱ ነው። የጭቃ ግድግዳ፣ የዛገ ቆርቆሮ፣ ለስምንት አባወራ አንድ ሽንት ቤት። ስለፈረሰ ብቻ ገነት ነበር ብዬ አልዋሽም። ክረምት በመጣ ቁጥር ሳፋ ስንደረድር ነው ያደግነው። አሁን የተሠራውን መንገድም እሄድበታለሁ፣ ያምራል። ጠቤ ከመንገዱ ጋር አይደለም።

2017 እንደገባ እናቴ ከስብሰባ ወጥታ ደወለችልኝ። «ልጄ፣ ሦስት ቀን ነው አሉ።»

የተጻፈ ነገር ሰጧችሁ ወይ አልኳት።

«ኧረ በአፍ ነው። ግድግዳው ላይ ግን በቀይ ቀለም ጽፈውበታል።»

በሦስት ቀን ውስጥ የአርባ ዓመት ዕቃ እንዴት እንደሚታሸግ ያየው ያውቀዋል። እናቴ መጀመሪያ ያነሳችው ረከቦቱን ነው፣ በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋው ቆመች። ደጅ ላይ የእድሩ ሰዎች በድንኳኑና በብረት ድስቶቹ ይከራከራሉ። ግማሹ አባል ምትክ ቤት ወዳለበት ገላን ጉራ ሊሄድ ነው፣ ግማሹ የት እንደሚሄድ ገና አያውቅም። ታዲያ ድንኳኑ ከማን ጋር ይሂድ? ሲከራከሩ ሲከራከሩ ግሬደሩ ደረሰ፣ ድንኳኑ ቀድሞ የመጣው አይሱዙ ላይ ተጫነ። በቃ።

እናቴ ምትክ ቤት አግኝታለች፣ ይሄን መደበቅ አልፈልግም። ከገበያዋም ከሐኪሟም ርቃለች፣ ግን ቁልፍ በእጇ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ግን ከእኛ ጓሮ ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ይዛ 14 ዓመት ስለኖረችው ጎረቤታችን ነው። ጉሊት ነው የምትነግደው፣ ሽንኩርትና ጎመን። ደባል ናት፣ በሌላ ሰው የቀበሌ ቤት ተጠግታ የምትኖር። የአዲስ አበባ ልጅ ደባል ማለት ምን እንደሆነ ይገባዋል። የቤት ደብተሩ ላይ ስሟ የለም፣ የኪራይ ደረሰኝ አይቆረጥላትም፣ ቆጠራ ሲመጣ «እሷ እንግዳ ናት» ተብላ ትታለፋለች። ስብሰባው ላይም ስለ ደባል የተነሳ ነገር የለም። ቆርቆሮው ሲነሳ ልጆቿ ትምህርት ቤት ነበሩ።

ማመልከቻውን እኔ ጻፍኩላት። ሁለት ገጽ፣ በኮምፒውተር፣ ከነፊርማው። መስኮቱ ጋ ስንደርስ ወጣቱ ሠራተኛ በትሕትና ተቀበለን (ሁሉም ክፉ ነው እንዳይባል)። አነበበው። ከዚያ «የተነሺነት ደብዳቤዋን አያይዙ» አለን። የለም አልነው። «ደብዳቤ ከሌለ ተነሺ መሆኗ በምን ይታወቃል?» ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮውን አሳየሁት። ቤቷ ሲፈርስ እስከ መጨረሻው አየ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ «አይዞሽ እናቴ» አላት፣ ማመልከቻውንም መለሰልን።

እንግዲህ ወደ ዓለም አቀፍ ተቋም ሂዱ ላለን ወንድሜ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ምን ይዘን?

ሕጉን እኮ አየሁት። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታዎችን ከማስነሳት ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማማከርን መርህ ያደርጋል። ለአስቸኳይ ኢንቨስትመንት የተተወ ቀዳዳ ቢኖረውም። ቅሬታ ያለው ደግሞ የማስለቀቂያ ትዕዛዙ በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል። እሺ፣ ትዕዛዙ በአፍ ከሆነ 30 ቀኑ ከየት ይቆጠራል? ከስብሰባው? ከቀይ ቀለሙ? ከግሬደሩ? ይህም ቢሆን ለባለይዞታ ነው፣ ደባል እዚህ ውስጥ የለችም። የሚገርመው ሕገ መንግሥቱ እንዲህ አይመርጥም። አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች የተፈናቀሉ ወይም ኑሯቸው የተነካ ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም ሌላ አማራጭ የማግኘት መብት አላቸው ይላል። «ሁሉ» ነው የሚለው። ደብተር ያላቸው አላለም።

ወደ ላይ እንውጣ ብንልስ? ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. የአፍሪካን የሰብዓዊ መብት ቻርተር ስለተቀበለች ጋምቢያ፣ ባንጁል ላለው የአፍሪካ የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ቻርተሩ ስለ መኖሪያ ቤት በስም አይናገርም። ሆኖም ኮሚሽኑ በፈረንጆቹ 2001 በናይጄሪያ የኦጎኒ ሕዝብ ጉዳይ ላይ የንብረት፣ የጤናና የቤተሰብ መብቶችን አንድ ላይ አንብቦ መጠለያንም አወጣባቸው፣ ሰውን በግዳጅ ማፈናቀልንም ከለከለ። ጥሩ ውሳኔ ነው። ግን አቤቱታው የገባው በ1996 ነበር፣ አምስት ዓመት ነው! ባንጁል ለመድረስም መጀመሪያ በአገርህ ያለውን ደጅ ሁሉ መርገጥህን ማሳየት አለብህ፣ ጉዳዩ ያለአግባብ ካልተንዛዛ በስተቀር። እኛ ደግሞ የመጀመሪያው ደጅ ላይ «ደብዳቤ አያይዙ» ተብለን ተመልሰናል።

ጄኔቭስ? እዚያ ያለው የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ኮሚቴ በፈረንጆቹ 2017 የወሰነው አንድ ጉዳይ አለ። ማድሪድ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ቤተሰብ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ አማራጭ መጠለያ ሳይሰጠው ከቤት ወጣ፣ ጥቂት ሌሊቶችንም መኪና ውስጥ አደረ። ኮሚቴው ስፔን ጥፋተኛ ናት አለ። ሳነበው ቀናሁ። መኪና ውስጥ ማደራቸውን አይደለም የቀናሁበት፣ እነሱ ውል አላቸው፣ ቀኑ የተቆጠረ የፍርድ ቤት ወረቀት አላቸው፣ አገራቸውም በግለሰብ አቤቱታ የሚያስጠይቀውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ፈርማለች። እኛ ኮሚቴው የሚከታተለውን ዋናውን ቃል ኪዳን በ1985 ዓ.ም. ተቀብለን ፕሮቶኮሉን እስካሁን አልነካነውም። ስለዚህ ያ በር ለካዛንቺስ ሰው ዝግ ነው። ያው ኮሚቴ በአጠቃላይ አስተያየቱ ቁጥር 7 ከማስነሳት በፊት በቂና ምክንያታዊ ማስጠንቀቂያ ይሰጥ፣ ሰዎቹ ይመከሩ፣ ማንም ደጅ አይደር ብሎ ጽፏል። በተለይ የምወደው ከዚያ ቀደም ባለ አስተያየቱ ያለውን ነው፦ ሰው ቤቱን በምን ዓይነት ይዞታ ቢይዘው ከማስገደድና ከማፈናቀል ጥበቃ ይገባዋል። ኮሚቴው ደባልን በስሟ አያውቃት ይሆናል፣ ያሰባት ግን ይመስለኛል።

ክፍት የሆነ አንድ በር አለ። በተባበሩት መንግሥታት የመኖሪያ ቤት መብት ልዩ ዘጋቢ የሚባል ባለሙያ ይሾማል። ለእሱ ለመጻፍ የአገር ውስጥ ደጅ ሁሉ መርገጥ አይጠበቅም፣ ጠበቃም ገንዘብም አያስፈልግም። እሱ ለመንግሥት ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ መጠበቂያው 60 ቀን ነው፣ ከዚያ ደብዳቤው ለሕዝብ ይወጣል። የሚያስገድድ ሥልጣን የለውም፣ እውነቱን እንነጋገር። የሰብዓዊ መብት ድርጅቱ አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በ2017 ዓ.ም. ይህ ማፈናቀል ይቁም ብሎ ነበር፣ ማን ሰማው። ቢሆንም ልዩ ዘጋቢውም የሚጠይቀው ያንኑ ነው። ማን ተነሳ? መቼ? በማን ትዕዛዝ? ማስረጃው?

ስለዚህ በጋዜጣችሁ በኩል የምጠይቀው ካሳ አይደለም፣ ፕሮጀክቱ ይቁምም አላልኩም። ሦስት መስመር ያለው ወረቀት ነው። ስም፣ የኖረበት ቤት፣ እንዲለቅ የታዘዘበት ቀን። ማኅተም ይደረግበት፣ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ይሰጥ፣ ለደባሉም ጭምር። ገንዘብ አይጠይቅም። በሦስት ቀን ሰፈር ማንሳት የሚችል አስተዳደር በሦስት ቀን አንድ ገጽ ማተም አያቅተውም።

እስከዚያው ተራችሁን ለምትጠብቁ፦ የመብራት ቢል፣ የልጆች የትምህርት ቤት ካርድ፣ የክትባት ወረቀት፣ ቀኑ የሚታይ ፎቶ፣ ሁሉንም በላስቲክ አድርጋችሁ ከቤት ውጪ ዘመድ ጋ አስቀምጡ። አንሶላ ይደርሳል፣ ወረቀት ይቅደም። ስብሰባ ላይ የተባለውን እዚያው በስልክ ጽፋችሁ ለሦስት ሰው ላኩት፣ ቀኑ ይመዘገባል።

ጎረቤቴ ካዛንቺስ ስለመኖሯ የሚመሰክር ነገር ዕቃዋን ስናስስ አንድ ብቻ ተገኘ፤ የእድር ደብተሯ። ጠርዙ ዘይት ነክቶታል። የ14 ዓመት ወርሃዊ መዋጮ በየወሩ ተፈርሞበታል፣ ሁለት ወር ብቻ ተዘሏል፣ ሁለተኛ ልጇን የወለደች ጊዜ። ኮፒ አድርጌዋለሁ። የእድሩ ጸሐፊ አሁን ገላን ጉራ ነው ያለው፣ ማኅተሙም እሱ ጋ ነው። እሑድ በጠዋት ሄጄ አስመታዋለሁ።

አንድ የቀድሞ የካዛንቺስ ነዋሪ