አዝራሩን ከመጫን በፊት የመሣሪያውን ስክሪን ማንበብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ስለ ቢትኮይን ዋጋ መውጣትና መውረድ ብዙ ይጻፋል፤ ገንዘቡ ስለሚጠበቅበት መንገድ ግን እምብዛም አይነሳም። ስለዚህ ሌጀርንና ትሬዞርን የመሰሉ ሃርድዌር ዋሌቶች (ገንዘቡን ለማዘዝ የሚያስችለውን የምስጢር ቁልፍ በውስጣቸው የሚይዙ ትንንሽ መሣሪያዎች) ከኮምፒውተር ጋር ሲገናኙ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ እንድጽፍ ይፈቀድልኝ።

ብዙ ሰዎች የሚሰጉት ከዩኤስቢ ገመዱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ቫይረስ ካለበት የምስጢር ቁልፉ በገመዱ በኩል የሚሰረቅ ይመስላቸዋል። መሣሪያው የተሠራው ግን ለዚሁ ስጋት ነው፤ ኮምፒውተሩ የክፍያውን ዝርዝር ይልካል፣ መሣሪያው በምስጢር ቁልፉ በውስጡ ፈርሞ (ክፍያውን አጽድቆ) ፊርማውን ብቻ ይመልሳል፣ ቁልፉ ከውስጡ አይወጣም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ባለቤቱ ምን ላይ እንደሚፈርም ሳያረጋግጥ የመሣሪያውን የማጽደቂያ አዝራር መጫኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ባይቢት የተባለው የዲጂታል ገንዘብ መገበያያ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲዘረፍ ፈራሚዎቹ ሃርድዌር ዋሌት ይጠቀሙ ነበር። የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ከሰሜን ኮሪያ ናቸው ያላቸው ዘራፊዎች መሣሪያዎቹን አልነኩም፤ ፈራሚዎቹ በኮምፒውተር የሚከፍቱትን ገጽ ለውጠው፣ ገጹ የተለመደ ዝውውር እያሳየ ለመሣሪያው ሌላ ትእዛዝ እንዲልክ አደረጉ። በግለሰብ ደረጃም ገንዘብ ለመላክ የተቀዳ የተቀባይ አድራሻን በሌባ አድራሻ የሚተኩ ቫይረሶች አሉ። ስለዚህ አድራሻውና መጠኑ በመሣሪያው ትንሽ ስክሪን ላይ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው መነበብ አለባቸው፤ የማይነበብ ኮድ ከታየ አለመፈረም ይሻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ 12ቱ ወይም 24ቱ የማስመለሻ ቃላት ናቸው፤ እነዚህ መሣሪያው ቢጠፋ የምስጢር ቁልፉን መልሰው የሚያስገኙ ቃላት ስለሆኑ የያዛቸው ሁሉ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የሌጀርን ፕሮግራም አስመስሎ የተሠራ ሐሰተኛ መተግበሪያ በማይክሮሶፍት ስቶር ላይ ወጥቶ የብዙ ሰው ገንዘብ ወስዷል፤ መተግበሪያዎችን ከፍለጋ ውጤትና ከማስታወቂያ ሳይሆን የአምራቹን የድረ ገጽ አድራሻ ራስ ጽፎ ማውረድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ቃላቱን ጻፉ የሚል ገጽ ሲመጣ ወዲያውኑ መዝጋት ይገባል። (የመጀመሪያው የትሬዞር ሞዴል ቃላቱን በኮምፒውተር ያስጽፋል፤ ቅደም ተከተላቸውን ግን የሚያሳየው መሣሪያው ብቻ ነው።) ቃላቱን ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ማስቀመጥም ለሌባ አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

በእኛ አገር መሣሪያው ብዙ ጊዜ ከውጭ በሚመጣ ሰው ሻንጣ፣ አንዳንዴም ያገለገለ ሆኖ ነው የሚደርሰን። ቃላቱ አስቀድመው በወረቀት ታትመው ወይም ፒኑ ተሞልቶ ከመጣ ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ስላለ ፈጽሞ ገንዘብ ሊገባበት አይገባም። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተርም ለዚህ ሥራ ባይውል እመክራለሁ።

ከፍ ያለ ገንዘብ ከማስገባት በፊት በጥቂቱ መሞከር፣ ከዚያም መሣሪያውን ደምስሶ በወረቀት የተጻፉት ቃላት ገንዘቡን መመለሳቸውን ማረጋገጥ ከአንድ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ