አራት ፊት በአንድ ወረቀት

ባሕር ዳር፣ የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ከበርሊን በሰው እጅ የላክሽው ባለ አራት ፎቶ ወረቀት ደርሶናል። እናትሽ መነጽሯን ስትፈልግ እኔ አስቀድሜ ወረቀቱን አሸተትሁት፤ ሠላሳ ዓመት ጨለማ ክፍል ውስጥ ፎቶ ሲያጥብ የኖረ ሰው ልማዱን አይተውም። የመድኃኒቱ ሽታ ገና አልለቀቀውም ነበርና በኮምፒውተር የታተመ ሳይሆን በኬሚካል የታጠበ ፎቶ መሆኑን በዚያ አወቅሁ።

የተነሳሽበት፣ «ፎቶ አንሺ የሌለው ፎቶ ቤት» ያልሽው፣ ሰው ገብቶ ሲቀመጥ ማሽኑ በራሱ የሚያነሳበት ሳጥን መቶ ዓመት ያህል ሆኖታል። ሳይቤሪያ የተወለደው አናቶል ጆሴፎ እ.ኤ.አ. በ1925 ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ «ፎቶማተን» የተባለውን ማሽኑን ሲያቆም፣ ሰው 25 ሳንቲም ከፍሎ በ8 ደቂቃ ውስጥ 8 ፎቶ ይዞ ይወጣ ነበር፤ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ብቻ 280,000 ያህል ሰው ተነስቶበታል። በ1927 መብቱን በ1 ሚሊዮን ዶላር ሸጠው። እኔን የሚገርመኝ ግን ገንዘቡ ሳይሆን የማሽኑ አሠራር ነው። ኔጋቲቭ፣ ማለትም ፎቶ የሚባዛበት ፊልም፣ የለውም፤ ብርሃኑ በቀጥታ ወረቀቱ ላይ ያርፍና ወረቀቱ ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው እየተነከረ ይወጣል። ስለዚህ የላክሽልን ወረቀት ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

የእኛን ፎቶ ቤት ታስታውሺዋለሽ፤ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ፣ ከፊቱ አንድ በርጩማ። «ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ እንዳትነቃነቅ» የምለው እኔ ስለነበርሁ፣ ሰው ይዞት የሚሄደው ፊት ግማሹ የእኔ ነበር ማለት እችላለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ዓሣ አጥማጅ ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ሊነሳ መጣ። ደጅ የሚጠብቀው ጓደኛው ምን እንዳለው እንጃ፣ ልክ ሳነሳው ሳቀ። ፊልም ውድ ስለነበር እንደሆነው አጥቤ ሰጠሁት፤ መሥሪያ ቤቱ ግን «የሚስቅ ሰው አንቀበልም» ብሎ መለሰው። በማግስቱ ኮስተር ብሎ ተነሳና የሳቀበትን ጥሎልኝ ሄደ። እኔም ባለቤት ያልወሰዳቸውን፣ ዓይን የተጨፈነባቸውንና የተንቀሳቀሱትን በማኖርበት ካርቶን ውስጥ አስቀመጥሁት።

ያ ካርቶን ያሳፍረኝ ነበር። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1929 ፓሪስ ውስጥ ሱሪያሊስት የተባሉት ሠዓሊዎችና ጸሐፊዎች በመጽሔታቸው ያወጡትን ገጽ አየሁ፤ አሥራ ስድስት ሰዎች ዓይናቸውን ጨፍነው በዚሁ ሳጥን የተነሷቸው ፎቶዎች በቤልጂጉ ሠዓሊ በማግሪት ሥዕል ዙሪያ ተደርድረዋል። እኔ ብሆን አሥራ ስድስቱንም «ተበላሽቷል፣ ድገሙ» ባልኋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው «አሜሊ» በተባለው የፈረንሳይ ፊልም ደግሞ አንድ ወጣት ሰዎች ቀድደው የጣሏቸውን የሳጥን ፎቶዎች እየለቀመና እየገጣጠመ አልበም ውስጥ ይለጥፋል። በየቦታው የሚደጋገም አንድ የማይታወቅ ፊት ያስጨንቀዋል፤ ለካ ሰውየው የማሽኑ ጠጋኝ ኖሯል፣ መሥራቱን ለማረጋገጥ ራሱን የሚያነሳ። እዚህ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ካርቶኔ ውስጥም መብራት ስሞክር የተነሳሁት የራሴ ፊት ቢያንስ አሥር ጊዜ አለ።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። በመጀመሪያው ፎቶ እኔ እንዳስተማርሁሽ አገጭሽን ዝቅ አድርገሽ ተቀምጠሻል። በሁለተኛው ዓይንሽ ተጨፍኗል። በሦስተኛው አፍሽን በእጅሽ ይዘሽ ትስቂያለሽ፤ አራተኛው ላይ ያለቀ መስሎሽ ተነስተሻል መሰል፣ የሚታየው ትከሻሽና የተጨማደደው መጋረጃ ብቻ ነው። «ቆይ፣ አንድ ይቀራል» የሚልሽ ሰው ስላልነበረ ከአራቱ ሦስቱ እኔ የማላውቃቸው ሆኑ። ደጋግሜ የማየውም እነሱን ነው።

እናትሽ ሦስተኛውን ቆርጬ ለቦርሳዋ እንድሰጣት ጠይቃ መቀስ አምጥታልኝ ነበር። እስካሁን አልቆረጥሁትም፤ መቀሱም ከወረቀቱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሲመችሽ ሌላ ተነስተሽ ላኪልን። እናትሽ በዚያኛው ነጠላሽን እንድትለብሺ አዛለች፤ እኔ ግን ምንም አላዝዝሽም።

አባትሽ