አባዬ፣ ድብ አየሁ

ይድረስ ለምወድዎት አባቴ፣
ደባርቅ

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ እህቴ ታንብብልዎት። ስታነብ እንደሚያሯሩጧት ሰው ስለሆነች «ቀስ» ይበሏት። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስፈለገ እንደሚሉ አውቃለሁ። በስልክ ግን ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ «በል ገንዘብህ ይቆጠራል» ብለው ይዘጉብኛል። የዛሬው ወሬዬ ደግሞ ረዘም ይላል።

አላስካ ሄጄ መጣሁ።

አላስካ ማለት አሜሪካ ካርታ ላይ ከላይ ለብቻው ተገንጥሎ የሚታየው ነው። ሩሲያ በ1867 በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ የሸጠችው አገር። ከሲያትል በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ሐሳቡን ያመጡት የዕቁባችን ሰዎች ናቸው። «የምንገናኘው ልቅሶና ሠርግ ላይ ብቻ ነው፤ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ እንዝናና» ተባለ። ፍልሰታ እስኪፈታ ጠብቀን 14 ሆነን ተነሳን። ግማሹ የእርስዎ እኩያ ነው። እናቶች ዳቦ ቆሎውን፣ ድርቆሹን፣ በሶውን ጫኑት። አንዷማ «እዚያ አገር ምን እንደሚበላ አይታወቅም» ብላ አንድ ኪሎ በርበሬ ይዛ መጣች።

አንኮሬጅ አረፍንና ሁለት መኪና ተከራይተን ወደ ሰሜን 380 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳን። የሄድንበት ዴናሊ የሚባል ፓርክ ነው። ስፋቱ ከ24,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የእኛን ስሜን ፓርክ በደርዘን ቢደረድሩበት ቦታ ይተርፈዋል። በዚህ ሁሉ አገር ውስጥ የሚገባው ግን አንድ መንገድ ብቻ ነው፣ 148 ኪሎ ሜትር። በራስ መኪና የሚኬደው የመጀመሪያዎቹን 24 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ ወዲያ የፓርኩ አውቶቡስ። አውቶቡሱም እስከ መጨረሻው አይደርስም። በ2021 መሐል ላይ ያለው ተዳፋት ተንዶ መንገዱን ቆርጦታል። አፈሩን ከሥር አጣብቆ የያዘው የዘመናት በረዶ እየቀለጠ ነው አሉ። ድልድይ እየሠሩ ነው። እኛ 69ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ተመለስን።

እኔ አውቶቡስ ነጂ አይደለሁ፣ መጀመሪያ ያየሁት ሾፌሯን ነው። ስድሳ ዓመት ይሆናታል፣ ፀጉሯ ሸብቷል። መንገዱ ጠጠር ነው፣ ጠባብ ነው፣ ዳሩ ላይ መከለያ የለውም። ጓደኞቼ ቁልቁል እያዩ ሲያማትቡ እኔ ዝም። ሊማሊሞን እያየ ላደገ ሰው ይኼ ገደል ምኑ ነው? እሷ ግን አንድ ዓይኗ መንገዱ ላይ፣ አንዱ ተራራው ላይ ነው። እኔ ከተማ ውስጥ እንዲያ ብነዳ በማግስቱ ነበር የሚያባርሩኝ።

ሕጉን ነገረችን። አውሬ ያየ ሰው «ቁሚ!» ብሎ ይጮኻል። ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። እጅ ከመስኮት አይወጣም፣ ምግብ አይጣልም። አቅጣጫው የሚነገረው ደግሞ በሰዓት ነው፤ የአውቶቡሱ አፍንጫ 12 ነው፣ ቀኝ 3፣ ግራ 9። ለእናቶች የማስተረጉመው እኔ ነኝ። ብዙም ሳንሄድ «ካሪቡ፣ 3 ሰዓት!» አለች። ካሪቡ የዚያ አገር አጋዘን ነው። ልማድ ክፉ ነው፣ «ዘጠኝ ሰዓት!» አልኩ። የእኛ ሰው በሙሉ ወደ ግራ ዞረ። ካሪቡው በቀኝ በኩል ቀንዱን እንደ ዛፍ ተሸክሞ ሲያልፍ እናቶች ባዶ ሜዳ ላይ አፍጥጠው ነበር። እስከ ማታ ድረስ «ሰዓት ስንት ነው?» እያሉ ሲስቁብኝ ዋሉ።

ሁለተኛው ቅሌቴ የባሰ ነው። ራሴን ላስከብር ብዬ «ድብ!» ብዬ ጮህኩ። አውቶቡሱ ቆመ። ሁሉም መነጽሩን አነሳ። ድንጋይ ነበር። ሾፌሯ «ጥሩ ድንጋይ ነው» ብላ ነዳችው።

አባዬ፣ እርስዎን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። ስሜን ተራሮች ውስጥ፣ ጨነቅ ላይ፣ ጭንቅላቴን በሁለት እጅዎ ይዘው ወደ ገደሉ ሲያዞሩኝ። ሰባት ዓመቴ ቢሆን ነው። ጠመንጃዎ ጉልበትዎ ላይ ተጋድሟል፣ ጋቢዎ ጭስ ጭስ ይላል። ፈረንጆቹ በዚያ ሁሉ መሣሪያ ፈልገው አጥተዋል። እርስዎ በባዶ ዓይን አግኝተዋል፣ እኔ ግን አይታየኝም። «ዝም ብለህ አትቅበዝበዝ። ገደሉን እረሰው። ከታች ጀምር፣ ትልም አትዝለል» አሉኝ። አረስኩት። አራተኛው ትልም ላይ ዋልያው ቆሞ ነበር። ለካ እኔን ቀድሞ አይቶኝ ኖሯል።

ወደ ድቡ ልመለስ። ሴብል ፓስ የሚባል ቦታ አለ። ድብ ስለሚበዛበት በእግር መግባት ክልክል ነው። መሬቱ ዛፍ የለውም። እዚያ አገር 800 ሜትር ገደማ ላይ ዛፍ ያልቃል፤ በእኛ 3,600 ላይ ጅብራ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ነሐሴ ላይ ቁጥቋጦው ሁሉ ይቀላል፣ አገሩ በርበሬ የተሰጣበት ይመስላል። ከዚያ ቀይ ውስጥ ነው ከሁለት ልጆቿ ጋር ብቅ ያለችው፣ ከመንገዱ ሃያ እርምጃ። ሾፌሯ ሞተሩን አጠፋች።

እንዴት ልንገርዎት? ዳዊት ከጎልያድ በፊት ገደለው የሚባለው ድብ ሲነገር በልጅነቴ የማስበው ትልቅ ውሻ ነበር። ይቺ ትከሻዋ ላይ እንደ በሬ ሻኛ አላት። ፀጉሯን ነፋስ ሲገልጠው ከሥሩ ወርቅማ ነው። እኛን ቀና ብላም አላየችን። ቅርንጫፉን በጥፍሯ ትጎትትና ፍሬውን በከንፈሯ ትለቅማለች፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ሽሮ ለቃሚ። ትንፋሿ ይሰማል። የአንዷ እናት እጅ ዳቦ ቆሎ እንደያዘ አየር ላይ ቀርቷል። ክረምት ሲገባ ጉድጓዷ ገብታ ስድስት ወር ገደማ ሳትበላ እንደምትከርም በሹክሹክታ ተረጎምኩላቸው። «ውይ፣ የዓመቱን ጾም ባንዴ ትገላገለዋለች» አለች በርበሬ ያመጣችው። ያንን ሁሉ ዝምታ ሰበረችው። ድቢቱም ሄደች።

ስንመለስ ኢግሉ የሚባል ተራራ ሥር ደረስን። ሰዉ ደክሞታል፣ ገሚሱ ተኝቷል። እኔ መስኮቴ ላይ ተደግፌ ማረስ ጀመርኩ። ከታች ወደ ላይ፣ ትልም በትልም። ብዙ ነጭ ነገር አለ፣ ድንጋይም ነው፣ ምኑም ነው። ከነጩ አንዱ ጆሮውን አራገበ። በአማርኛ ነው የጮህኩት፣ «ቁሚ!» ብዬ። ሾፌሯ ገባት።

ዳል በግ ይሏቸዋል። በግ ይባሉ እንጂ የዋልያ ዘመድ ናቸው ቢባል አምናለሁ። ዋልያ ግን ቡናማ ነው፣ እነሱ ከእግር እስከ ራስ ነጭ ናቸው። ገደሉ ጫፍ ላይ፣ አንድ ሰው መዳፉን ማሳረፊያ የማያገኝበት ላይ፣ ግልገሎቹ ይዘላሉ። ሾፌሯ ፓርኩ በ1917 የተከለለው ለእነሱ ተብሎ ነው አለችን። ቻርልስ ሼልደን የሚባል አዳኝ ሥጋ ነጋዴዎች ሲፈጇቸው አይቶ ነው አሉ መንግሥትን የወተወተው። የእኛስ ስሜን ስሙ የተጠራው በዋልያ አይደል? ከዚያ ዘወር ብላ «ዓይንህን ከየት አመጣኸው?» አለችኝ። ድንጋዩን አልረሳችውም።

አባቴ ስካውት ነው፣ የስሜን ፓርክ ጠባቂ፣ አልኳት።

አባዬ፣ ወደዚህ ልመጣ ስል ያልኩትን አልረሱትም፣ አውቃለሁ። «ዕድሜ ልክዎን የፈረንጅ ጫማ ሲከተሉ ኖረው ምን አተረፉ?» አልኩዎት። እርስዎ መልስ አልሰጡኝም፤ ጋቢዎን ብቻ አስተካከሉ። አፌ ቁርጥ ይበል። ያን ጊዜ ለእኔ እርስዎ ጠመንጃ ይዞ ከኋላ የሚሄድ ሰው ነበሩ። ማታ ቤት ሲገቡ እኛ ከረሜላ እንጠብቃለን፣ እርስዎ ገና በር ላይ ሆነው «ዛሬ 23» ይሉ ነበር። ሌላ ቀን «ዛሬ 9» ብለው ኩርፍ እንዳሉ ይተኛሉ። ቁጥሩ ምን እንደሆነ እናቴ ብቻ ነበር የሚገባት። አሁን ፈረንጁ እኔ ሆኜ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ገባኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ዋናውን የዴናሊ ተራራ ይጠይቁኝ ይሆናል። አላየነውም። 6,190 ሜትር ነው፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚበልጠው የለም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ደመና ለብሶ ዋለ። ከሚሄደው ሰው ሲሶው ነው የሚያየው ይላሉ። አንድ ሽማግሌ «ገንዘቤን ይመልሱልኝ» ብለው አኮረፉ። የስሙ ነገር ደግሞ እርስዎን ያስቅዎታል። የአገሩ ሰዎች ጥንት ዴናሊ ነው ያሉት፣ ረጅሙ ማለት ነው። በኋላ በፕሬዚዳንት ስም ማኪንሊ ተባለ። በ2015 ዴናሊ ተብሎ ተመለሰ። በ2025 እንደገና ማኪንሊ። ፓርኩ ግን ዴናሊ እንደተባለ አለ። ካርታው ሁሉ «ዳሸን» እያለ እርስዎ «ደጀን ነው!» እያሉ ከአስጎብኚዎቹ ጋር የሚሟገቱትን አስታወሰኝ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የዓይን ሞራው ቀዶ ሕክምና ከመስቀል በኋላ መሆኑን እህቴ ነግራኛለች። ጎንደር ድረስ እሷ ትሂድ አብራዎት፣ ብቻዎን አይሂዱ። መንገዱን ጠይቃችሁ፣ ሰላም ሲሆን። የሚያስፈልገውን ገንዘብ ልኬያለሁ። ለበዓል አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ደግሞ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ልኬልዎታለሁ። በባዶ ዓይን ይበቃኛል እንደሚሉ አውቃለሁ፣ ግን ይያዙት። ክዳኑ እንዳይጠፋ። የጎረቤት ልጆች እንዳይቀባበሉት፣ መስታወቱ ይጫራል።

ቱሪስት ጠፍቷል ብላኛለች እህቴ። ዋልያዎቹ ግን አልሄዱም አይደል? ሐኪሙ ሲፈቅድልዎት ጨነቅ ይውጡና ቁጥሩን ይላኩልኝ። የእኔ 11 ነው።

ልጅዎ፣
ከሲያትል